አሞሌ ስንት ነው? እንደቦታው

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ በ1520 እ.ኤ.አ. ከአንድ የልዑካን ቡድን ጋር በምፅዋ በኩል ገብቶ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት አገራችን ውስጥ ቆይቷል። መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ታተመ። ሰውዬው ስለ ብዙ ነገር ጽፏል፤ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ ስለ አምባ ግሼን፣ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ስለ ጉማሬው ሳይቀር። እኔን የያዘችኝ ግን ስለ ጨው የጻፋት አጭር ክፍል ናት። ምክንያቱም ቁጥር አላት።

ጨው በዚህ አገር እንደ ገንዘብ ይሠራል ይላል። አንዱ የጨው ድንጋይ ርዝመቱ ስንዝር ተኩል፣ ወርዱ አራት ጣት፣ ውፍረቱ ሦስት ጣት ነው። ጨው በሚነሣበት ቦታ በአንድ ድራም ወርቅ 120 ወይም 130 ድንጋይ ይገዛል። የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ያለው ገበያ ላይ ሲደርስ አምስት ስድስት ድንጋይ ይቀንሳል። ከዚያ ገበያ በገበያ እያነሰ ይሄድና የንጉሡ ሰፈር ሲደርስ በዚያው በአንድ ድራም የሚገኘው ስድስት ወይም ሰባት ድንጋይ ብቻ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ አምስት ሲሆን አይቷል።

እስቲ ስልካችሁ ላይ ያለውን ካልኩሌተር ክፈቱ። መነሻውን 125፣ መድረሻውን 6.5 እንያዝ። የአንዱ ድንጋይ ዋጋ ወደ 19 እጥፍ አድጓል። በሌላ አባባል፣ አንድ የጨው ድንጋይ በንጉሡ ሰፈር አንድ ብር ቢሸጥ ኖሮ፣ ያው ድንጋይ በረሃው ላይ ያወጣ የነበረው አምስት ሳንቲም ገደማ ነው። ዘጠና አምስቱ ሳንቲም በመንገድ ላይ ነው የተጨመረው፤ ለግመሉ፣ ለበቅሎው፣ ለኬላው፣ ለገዢው፣ ለነጋዴው፣ ለጠፋው፣ ለተሰበረው፣ ለሟሟው።

ሌላም ነገር አለ። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ከ125 አምስት ተኩል ያህል ድንጋይ ቢቀንስ፣ የዋጋው ጭማሪ አምስት በመቶ እንኳ አይሞላም። ከእሳቱ አጠገብ ያለው መንገድ፣ ሰውም ከብትም የሚያልቅበቱ፣ ትንሿን ትርፍ ያገኛል። ትልቁ ጭማሪ ያለው ከጨው ምድር ርቆ፣ ደጋው መሀል ነው። ይህን ስሌት ከሠራሁ ወዲህ "የጨው መንገድ" የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ግመል አይደለም። አምስት ሳንቲም ነው።

* * *

ይህን የምጽፈው ከውርጌሳ ሆኜ እያሰብኩ ነው። ለማታውቋት፦ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሐይቅንና ውጫሌን አልፋችሁ፣ መርሳ ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ። አብዛኛው መንገደኛ የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ የሚያየው ደግሞ እንደተቀመጠበት ወንበር ይለያያል። በግራ በኩል የተቀመጠ ተራራውን ያያል፣ ደጋውን። በቀኝ በኩል የተቀመጠ መሬቱ ደረጃ በደረጃ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ ያያል። የዚያ ቁልቁለት መጨረሻ አፋር ነው። ወረዳውን ከደቡብ ወሎ የሚለየው የሚሌ ወንዝም አቅጣጫው ወደዚያው ነው፤ አዋሽን ይቀላቀላል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል።

ትምህርት ቤት ታሪክ ስንማር ካርታው ሁሌ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነበር፤ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ አንኮበር፣ አዲስ አበባ። አስፋልቱም እንደዚያው ነው። የወሎ ኑሮ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት በሌላ አቅጣጫም ነው የተሠራው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከቆላ ወደ ደጋ። ጨው ከታች ይወጣል፣ እህልና ማር ከላይ ይወርዳል። ወሎ የሁለቱ ማጠፊያ ነው። አልቫሬዝ ያለፈበት አንጎት የሚባለው የጥንት ግዛት ዛሬ ሰሜን ወሎ የምንለው አካባቢ ነበር። በመንገዱ ላይ ጨው የጫኑ ከብቶች በሦስት መቶ በአራት መቶ እየሆኑ ሲመጡ፣ ሌሎች ደግሞ ባዶአቸውን ሲመለሱ አግኝቷል። ትልልቆቹ መንጋዎች የመኳንንቱ ናቸው ብለውታል፤ በየዓመቱ ለቤተ መንግሥት ወጪያቸው የሚልኳቸው። ሃያ ሠላሳ የሚሆኑት የአጋሰስ ነጂዎች ነበሩ። ከገበያ ገበያ ጨው በራሱ ጀርባ ተሸክሞ የሚሄድ ሰውም ነበር። እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ ጨው፣ በጀርባ፣ ሽቅብ።

* * *

ጨው የሚነሣበት የዳናኪል ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ደጋግሞ እየገባ፣ እየተነነ፣ የጨው ንጣፍ ጥሎበታል፤ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዳሎል ላይ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነው። ልብ በሉ፣ አማካይ ነው። ሌሊቱም፣ ታኅሣሡም ተደምሮበት።

ሥራው ዛሬም ድረስ በእጅ ነው። ግማሹ ሠራተኛ የጨውን ንጣፍ በመጥረቢያ ይሰነጥቅና በረጅም እንጨት ፈንቅሎ ያነሣል። ሌላው ቁጭ ብሎ በመጥረቢያ እየጠረበ እኩል መጠን ያስይዘዋል። ይሄ እኩል የማድረግ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አሞሌን ገንዘብ ያደረገው ጨውነቱ ብቻ አይደለም፣ መጠኑ ነው። ድንጋዩ ሁሉ ተመሳሳይ ከሆነ መመዘን አያስፈልግም፣ መቁጠር ይበቃል። ማተሚያ ቤት ሳይኖር፣ የንጉሥ መልክ ሳይቀረጽበት፣ በረሃ መሀል የተቀመጠ ጠራቢ አንድ ዓይነት ገንዘብ በብዛት ያወጣ ነበር።

ከዚያ ግመል ይጫናል። በሰሜኑ መስመር ይህን ጉዞ ትግርኛ ተናጋሪዎች "አርሆ" ይሉታል። ከሐመድ ኢላ ተነሥቶ በበርሃሌ በኩል ወደ መቐለ የሚወጣው መንገድ ከባሕር ወለል በታች ጀምሮ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚያበቃ ነው። ውኃ ያለበትንም፣ ጎርፍ የሚወርድበትንም ሸለቆ የሚያውቀው የአፋር ሰው ነው። የእሱን ፈቃድ ሳይዝ ጨው ምድር ገብቶ የሚወጣ አልነበረም። የደጋው መንግሥት ይህን ስለሚያውቅ የጨው ቅፍለት የሚመራና ግብሩን የሚሰበስብ ሹም ነበረው፤ ማዕረጉ "ባልጋዳ" ይባል ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የታወቁት ባልጋዳ አርአያ ስማቸው ላይ የተቀጠለው ይኼው ሹመት ነው። አስቡት፣ ማዕረጉ ከጦር ወይም ከዙፋን ሳይሆን ከጨው የተወለደ መኮንን።

ደጋው ላይ ሲደርስ ጨው እጅ ይለውጣል። ሲራራ ነጋዴው ይረከባል፤ አብዛኛው ሙስሊም ነበር፣ ከወሎም ከጎንደርም። በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፣ ከበላዩ ነጋድራስ አለ። በየገበያው ያለው ዋጋ እንደ ርቀቱ፣ እንደ ወራቱ፣ እንደ ጸጥታው ይለዋወጣል። ሽፍታ ከበዛ አሞሌ ይወደዳል። ዝናብ ከጣለ ይወደዳል።

ስለ ዝናቡ ትንሽ ልበል። የሚሟሟ ገንዘብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ለቴሌብር ትውልድ ማሰብ ይከብዳል። አሞሌ ያለው ሰው ክረምት ሲመጣ ከእርጥበት የሚያርቅበት ደረቅ ቦታ መፈለግ አለበት። ጫፉ የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ በልጥ ወይም በሸምበቆ ይታሰራል። ገንዘቡ ከጠፋባችሁ ደግሞ ሌባ ብቻ አይደለም የምትጠረጥሩት፣ ላምም ናት። በዚያ ላይ ሰው ይበላዋል! ወጥ ውስጥ በገባ ቁጥር የአገሪቱ የገንዘብ መጠን ይቀንሳል። የኢኮኖሚ ተማሪዎች ይሄን ምን እንደሚሉት ይንገሩን፤ እኔ እንዲህ ያለ ሥርዓት ዲዛይን አድርግ ብባል "አይሠራም" ብዬ የምመልሰው ይመስለኛል። ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሠርቷል።

ከአንድ ሺህ በላይ ያልኩት በግምት አይደለም። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ የአክሱም ንጉሥ ሰዎች ወርቅ ፍለጋ ሳሱ ወደሚባል አገር እንዴት እንደሚሄዱ ጽፎልናል። በየሁለት ዓመቱ፣ በአገው ገዢ በኩል፣ ከአምስት መቶ በላይ ሆነው ይነሣሉ። የሚይዙት በሬ፣ ጨውና ብረት ነው። እዚያ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ይከልላሉ፣ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር አጥሩ ላይ ያስቀምጣሉ። የአገሬው ሰው ይመጣና ከወደደው ነገር ላይ ወርቅ ጣል አድርጎ ገለል ይላል። ባለ ሥጋው መጥቶ ያያል፤ ከበቃው ወርቁን ያነሣል፣ ካልበቃው ትቶት ይመለሳል። ያኛው ይጨምራል ወይም ወርቁን ይወስዳል። ቋንቋ የለም፣ ደላላ የለም፣ ግን ጥያቄና መልስ አለ፣ ማረጋገጫም አለ። ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጅ ነበር።

* * *

እስካሁን የነገርኳችሁ ደስ የሚለውን ነው። ለቱሪስት ብሮሹር የሚሆነውን። አልቫሬዝ ግን የዋጋ ዝርዝሩን በንጉሡ ሰፈር አላቆመም። ጨዉ ከዚያ አልፎ ዳሞት ሲደርስ፣ በሦስት ወይም በአራት ድንጋይ ጥሩ ባሪያ ይገዛል ይላል። ባሮቹ ወደሚመጡበት አገር ሲገባ ደግሞ በአንድ ድንጋይ።

ይህን ከመጀመሪያው ስሌት ጋር አያይዙት። በረሃው ላይ አንድ ድራም ወርቅ የማያወጡ 120 ድንጋዮች፣ በሌላኛው ጫፍ ሠላሳና አርባ ሰው ናቸው። የዋጋው መስመር እዚያ ድረስ ይሄዳል። "የጥንት አባቶቻችን የንግድ ጥበብ" ብሎ መሀሉ ላይ መቁረጥ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም የምናደርገው እንደዚያ ነው። ግን ዳታው ላይ የመጨረሻውን ነጥብ ሰርዞ ግራፍ የሚሥል ሰው እኛ ሙያ ውስጥ ስም አለው።

ይሄ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ኢብን ባቱታ በ1352 እ.ኤ.አ. ሰሐራን ሲያቋርጥ ታጋዛ የሚባል የጨው መንደር ደርሶ ነበር። ቤቱም መስጊዱም በጨው ድንጋይ የተሠራ፣ ዛፍ የሌለበት ቦታ። ጨዉን የሚቆፍሩት ባሮች ነበሩ። እሱም እንደ አልቫሬዝ ዋጋ መዝግቧል፤ አንድ ጭነት ዋላታ ላይ ከ8 እስከ 10 ሚስቃል፣ ማሊ ከተማ ሲደርስ ከ20 እስከ 30፣ አንዳንዴም 40። በሰሐራ ባሪያው በጨዉ መነሻ ላይ ነው፣ በእኛ መንገድ ደግሞ በመድረሻው። የሁለቱም በረሃ ጨው ግን የሰው ዋጋ ጽሑፍ አለበት።

የእኛው መንገድ ደግሞ ወደ ባሕርም ይሄዳል። ከሰሜኑ የጨው ምድር ሌላ፣ ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ያለው የአሳል ሐይቅ ጨው በአፋር ግመሎች ወደ አውሳና ወደ ሸዋ ይገባ ነበር። በተቃራኒው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና የተያዙ ሰዎች ወደ ታጁራ ወደብ ይወርዱ ነበር። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በሰው ዕድሜ ሲታሰብ ሩቅ አይደለም፤ የቅድመ አያቶቻችን ዘመን ነው።

* * *

ጨው በተጓዘበት ሌላም ነገር ተጉዟል። የጣልያኑ ፒየትሮ አንቶኔሊ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአሰብ ተነሥቶ፣ በአውሳ በኩል አልፎ ሸዋ ይገባ ነበር። በ1883 ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ጋር የመንገድ ስምምነት አድርጓል፤ በዚያ መስመር ለምኒልክ ጠመንጃ ገብቷል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሬምቦም ግጥሙን ትቶ ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ የበረሃውን መንገድ ይዟል፤ ትርፉ እንዳሰበው አልሆነለትም። ከዚያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አንቶኔሊና ምኒልክ አንድ ውል ፈረሙ። የት? ውጫሌ። ከውርጌሳ ወደ ደሴ ስትሄዱ ቀጥላ የምትመጣዋ ከተማ። አንቀጽ 17 የዓድዋን ጦርነት እንዳመጣ ሁላችንም ተምረናል። ውሉን ያዋዋለው ሰው በየትኛው በረሃ በኩል እየተመላለሰ እንደመጣ ግን አልተማርንም።

አሞሌ ገንዘብነቱን ያጣው ቀስ በቀስ ነው። ለትልቅ ግብይት ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር፣ አስቀድሞም ነበረ፤ አሞሌ ዝርዝሩ ነበር። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር፣ አላድ፣ ሩብና ተሙን ሲያስመጡ ሊተኩ የፈለጉት ሁለቱንም ነው። ገበያው ግን ወዲያው አልሰማቸውም፤ በደቡብና በምዕራብ አሞሌ ሃያኛው መቶ ዓመት ውስጥ ገብቶ ይቆጠር ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ "ጨው በረንዳ" የሚል ስም ቀርቷል። ሰው ታክሲ ለመያዝ ይጠራዋል እንጂ ለምን እንደተባለ አይጠይቅም።

ከዚያ ጣልያን ከአሰብ ኮምቦልቻ መኪና መንገድ ሠራ። ግመሉ በወር የሚሄደውን ካሚዮን በቀናት ሄደው። ረጅም ጊዜ የአገሪቱ ገበታ ጨው የአሰብ የባሕር ጨው ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ ተቋረጠ፤ ፊት ወደ አፋር ዞረ፣ የአፍዴራ ሐይቅ ጨው አገሩን ተረከበ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ወጣ። ይሄ ጥሩ ነገር ነው፤ በደጋው ስንት ሰው እንቅርት ይዞ እንደኖረ የሚያውቅ አይከራከርም። ግን ደንቡ ለአሞሌ ምን ማለት እንደሆነ አስቡ። የተፈጨ ጨው ላይ አዮዲን ይረጫል፤ ተጠርቦ የመጣ ድንጋይ ላይ እንዴት ይደረጋል? አያቴ "አሞሌ" የምትለው ላሞቹ የሚልሱትን ብቻ ነበር። ንጉሥ ግብር የሚሰበስብበት፣ ሰው ሰው የሚገዛበት ገንዘብ የከብት መላሻ ሆኖ ነው እኔ ዘንድ የደረሰው።

በሰሜኑ መስመር አስፋልቱ እየገፋ ሄዶ በረሃው ውስጥ ገብቷል። ግመሎቹ አሁንም አሉ፣ ጉዟቸው ግን አጥሯል፤ የቀረውን መኪና ይጨርሰዋል። ፎቶ አንሺዎች "የመጨረሻው የጨው ቅፍለት" እያሉ ይመጣሉ። ለግመል ነጂው አስፋልት ክፉ ነገር ነው ብዬ አልጽፍም። አራት ቀን በእግሩ የሚሄድ ሰው መኪና ሲመጣ "ባህሌ ጠፋ" ብሎ እንዲያለቅስልን መጠበቅ ድፍረት ነው። የሚያሳስበኝ መንገዱ ሲቆም አብሮት የሚጠፋው ዕውቀት ነው፤ የውኃ ቦታዎች ስም፣ የማን ጎሳ የት ድረስ ያሳልፋል የሚለው ስምምነት፣ የጭነት አሠራር፣ የዋጋ ትዝታ። ይሄ ሁሉ የተቀመጠው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ባክአፕ የለውም።

* * *

እንግዲህ ስለ ቅርስ ማዕከል እንነጋገር። ኦማን የዕጣን መንገዷን በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ አስመዝግባለች፤ ዛፉ የሚበቅልበት ሸለቆ፣ በረሃ ውስጥ ያለው የቅፍለት ማረፊያ፣ ወደቦቹ፣ ሁሉም እንደ አንድ ነገር ተያይዘው። በ2007 ሰላላ ላይ ሙዚየም ከፈተችለት። የእኛ አገር በዓለም ቅርስነት ያስመዘገበቻቸው እስከ 2024 እ.ኤ.አ. 12 ሆነዋል። ሐውልት አለ፣ ውቅር ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ቤተ መንግሥት አለ፣ ግንብ ከተማ አለ፣ ፓርክ አለ፣ የእርከን እርሻ አለ፣ የቅሪተ አካል ስፍራ አለ። መንገድ የለም። ምክንያቱ ይገባኛል። መንገድ አጥር አይታጠርለትም፣ ትኬት አይቆረጥለትም። ለሐውልት አስጎብኚ ይቆማል፤ ዋጋ ለሚለዋወጥበት ነገር ምን ታቆማለህ?

አሞሌውማ ሙዚየም ገብቷል። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም የገንዘብ ስብስብ ውስጥ አለ፤ ከስሩ "ጨው፣ ኢትዮጵያ" የሚል ጽሑፍ ይበቃዋል። ግን አሞሌን መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ከሁሉ ነገር የሚለየውን ነገር መግደል ነው። ሳንቲም ዋጋው ላዩ ላይ ተጽፏል። የአሞሌ ዋጋ የተጻፈው ላዩ ላይ ሳይሆን ከጨዉ ምድር ስንት ቀን እንደራቀ ላይ ነው። ቦታውን ካልነገርከኝ ዋጋውን አልነገርከኝም።

ስለዚህ የአሞሌ መንገድ ቤት ቢሠራ አዲስ አበባ ባይሆን እመርጣለሁ። ውርጌሳ ይሁን ብልም አድልዎ ነው። ሐቀኛው ቦታ ባቲ ይመስለኛል። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሰኞ ገበያዋ ላይ አፋር፣ ኦሮሞና አማራ እስከ ዛሬ ግመልና እህል ይለዋወጡባታል፤ ማዕከሉ በር ላይ ሕያው ኤግዚቢሽን አለ ማለት ነው፣ በየሳምንቱ፣ ያለ ትኬት። (በነገራችን ላይ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ ባቲና አምባሰል ይባላሉ። ሁለቱም የዚህ ቁልቁለት ቦታዎች ናቸው። የሙዚቃ ክፍል ማዘጋጀት አይከብድም።) ሌላው ግማሽ ግን ታች መሆን አለበት፣ በርሃሌ ወይም አፋር የሚመርጠው ቦታ። ደጋው ብቻውን የሚተርከው የጨው ታሪክ ከአምስቱ ሳንቲም ይልቅ የዘጠና አምስቱ ታሪክ ነው የሚሆነው።

የአሁኑ ካርታም ያው ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው የባቡር መስመር የሚያበቃው ወልድያ አጠገብ፣ ሐራ ገበያ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ከዞራችሁ ጭፍራና ሚሌ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በነበረው ጦርነት ውርጌሳና ጭፍራ በአንድ ሰሞን የዜና ስም የሆኑት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ደጋውን ከበረሃው የሚያገናኘውን በር ነጋዴ ብቻ አይደለም የሚፈልገው።

የማዕከሉን ይዘት እኔ ብጠየቅ ግመል ሐውልት አላቆምም። በመጀመሪያው ክፍል 125 የጨው ድንጋይ ተከምሮ ይቀመጥ፣ እውነተኛ ጨው፣ ከጠራቢው እጅ በዛሬ ዋጋ የተገዛ፤ ስሙና የተከፈለው ገንዘብ ግድግዳው ላይ ይጻፍ። ጎብኚው ቢፈልግ አንዱን ያንሣ። ከክፍል ክፍል ሲሄድ ክምሩ እየቀነሰ ይምጣ፣ በየበሩ የገበያው ስምና የቀረጡ ዓይነት ይኑር፣ የአፋር አሳላፊው ድምፅ በአፋርኛ፣ የነጋዴው በአማርኛና በትግርኛ ይሰማ። የንጉሡ ሰፈር በሚለው ክፍል ሰባት ድንጋይ፤ ክረምት ላይ ሁለቱን ያንሷቸው። ከዚያ አንድ ክፍል ይቀራል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ድንጋይ ብቻ ይቀመጥ፣ ከጎኑም ዳሞት ላይ ምን እንደገዛ በትልቁ ይጻፍ።